በረዶ በጣለበት መንገድ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና እንዴት እንደሚነዳ፦ ከጉጉፍቱ እስከ ሐረጎ

ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያጋጥመን በረዶ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በበልግና በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ከሰማይ የሚወርደው ነው። ደመናው ይጠቁራል፣ የመኪናው ጣሪያ ይንኳኳል፣ ትንሽ ቆይቶ አስፋልቱ ነጭ ይሆናል። ሁለተኛው ድምፅ የለውም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል። መንገድ ላይ ያደረ ውሃ ረግቶ እንደ መስታወት ይሆናል። በጉጉፍቱ ወይም በደላንታ ከፍታ ማለዳ የነዳ ሰው ያውቀዋል።

እንደ ሰሜን አውሮፓ ወራት ሙሉ መንገድ ላይ የሚቆይ በረዶ የለንም። ስለዚህ የበረዶ ጎማም የጎማ ሰንሰለትም አልተለመደም። ያለን ተራ ጎማ ነው። መኪናችን ደግሞ በአብዛኛው በኋላ ጎማ የሚገፋ ነው፦ ሚኒባሱ፣ ዶልፊኑ፣ አባዱላው፣ አይሱዙው፣ ፎር ዊል ያልሆነው ፒካፕ። የድሮዎቹ ኮሮላዎችም እንዲሁ ናቸው። ቶዮታ ኮሮላን ወደ ፊት ጎማ ማዞር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

እኔ ትምህርቱን ያገኘሁት ጉጉፍቱ ላይ ነው። ከወረኢሉ ወደ ደሴ ባዶ ሚኒባስ ይዤ እየተመለስኩ ነበር። በረዶው ገና ማባራቱ ነው። ፀሐይም ወጣ ብላለች። እኔም «አበቃ» ብዬ ኩርባው ላይ ነዳጅ ሰጠሁ። ኋላው ተወረወረ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ፤ ያን ጊዜ ባሰበት። መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከኋላዬ ይመጡ የነበሩ አንድ ጠና ያሉ የአይሱዙ ሾፌር ወረዱ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ በረዶ ዘገኑና ጨመቁት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ በጣቶቻቸው መሃል ውሃ ይወርዳል። «የጣለህ በረዶው አይደለም፤ ይቺ ውሃ ናት» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። በጣም የቀዘቀዘና የደረቀ በረዶ ጎማን በመጠኑም ቢሆን ይይዛል። መቅለጥ የጀመረ በረዶ ግን በላዩ ስስ ውሃ ስላለው ከሁሉም የባሰ ያንሸራትታል። የእኛ አገር በረዶ ደግሞ ወርዶ ወዲያው መቅለጥ የሚጀምር ነው። ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ የተሻለ ይመስላል እንጂ አልተሻለም።

የኋላ ጎማ ለምን ይለያል?

የሚኒባስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ባዶውን ሲሄድ ክብደቱ ፊት ለፊት ያደላል። የሚገፋው ጎማ ግን ኋላ ነው። ክብደት ያላረፈበት ጎማ መሬት አይዝም፤ ትንሽ ነዳጅ ሲበዛበት ቦታው ላይ ይሽከረከራል። የተሽከረከረ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አንድ ነገር ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ጎማውን እዩ። የብዙ አገር ሕግ የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል። ለበረዶ ግን ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። አዲስ ጎማ የገዛችሁት ሁለት ብቻ ከሆነ ኋላ አስገቡት። ብዙ ሰው ፊት ያደርገዋል፤ ስህተት ነው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው አልታጠፍ ይላል እንጂ አይዞርም። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል።

ክብደት ጨምሩ። በረዶ በበዛበት አገር በኋላ ጎማ መኪና የሚነዱ ሰዎች የቆየ ዘዴ ነው። ሁለት ጆንያ አሸዋ፣ እያንዳንዱ 40 ወይም 50 ኪሎ፣ በኋላ ጎማው ትክክል ላይ አስቀምጡና በገመድ እሰሩት። ከጎማው አልፎ መጨረሻ ላይ አይሁን፤ የመኪናውን ፊት ያቀለውና መሪው አልታዘዝ ይላል። አሸዋ የምለው ያለምክንያት አይደለም። ሲቸግር ጎማው ሥር ትበትኑታላችሁ። ሚኒባስ ከሆነና ሰው ጥቂት ከሆነ ተሳፋሪውን «እባካችሁ ወደ ኋላ ወንበር እለፉ» በሉ። ምክንያቱን ከነገራችሁት ማንም አይከፋውም።

አካፋ፣ ሁለት ባዶ ጆንያ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያዙ። ጎማ ሥር የሚገባ ማገጃ፣ ታኮ፣ ግን ሁልጊዜ ይኑራችሁ። መንገድ ዳር ድንጋይ አይጠፋም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በጨለማና በጉም ድንጋይ ፍለጋ መውጣት ሌላ አደጋ ነው።

መጀመሪያ ጠብቁ

ከዘዴዎች ሁሉ የበለጠው ይህ ነው። የወሎ በረዶ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ያባራል። አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቃችሁ መንገዱ ወደ ተራ እርጥብ አስፋልት ይመለሳል። አንድ ሰዓት ማለት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። መንገድ ዳር ያለ ቤት በራፍ ላይ ብትቆሙ ቡና ጀባ የሚላችሁ አታጡም። የማለዳው ውርጭም ያው ነው። ፀሐይ አስፋልቱን እስክታገኘው፣ እስከ 3 ሰዓት ቆዩ። ጥላ ያለበት ኩርባና ድልድይ ግን ከሌላው ዘግይቶ ነው የሚለቀው።

የት እንደምትቆሙ አስቡ። ኩርባ ላይ አትቁሙ። ከተቆረጠ ገደል ሥር አትቁሙ፣ ናዳ አለ። ፉካ (ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያልፍበት) ወይም የጅረት መሻገሪያ ላይ አትቁሙ፣ ከበረዶ በኋላ ጎርፍ ይመጣል። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ። ጎማው ሥር ታኮ ይግባ።

መነሳት

የግድ መሄድ ካለባችሁ በሁለተኛ ማርሽ ተነሱ። አንደኛ ማርሽ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ያሽከረክረዋል። መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ነዳጅ የምትሰጡት መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ በጣት ያህል ነው። ጫማችሁ ላይ ጭቃ ካለ ጥረጉት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የሚያንሸራትት ጫማ ያደረገ ሰው እግሩን በልኩ ሊያዝ አይችልም።

ቀጥ ያለና ባዶ መንገድ ስታገኙ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ሞክሩት። መንገዱ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በበረዶ ላይ መኪና ለመቆም በደረቅ መንገድ ከሚፈልገው ርቀት እስከ 10 እጥፍ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከፊታችሁ ላለው መኪና አትጠጉ። ከኋላ ክላክስ የሚያደርግ ካለ ይለፍ።

ዳገት

ዳገት ላይ የኋላ ጎማ መኪና አንድ ጥቅም አለው። መኪናው ወደ ላይ ሲያይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ የተጫነ አይሱዙ ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና ሲወጣ ባዶው ከሚቸገረው ያነሰ የሚቸገረው ለዚህ ነው። ከፊታችሁ ያለው መኪና ዳገቱን እስኪጨርስ ከታች ጠብቁ። ከዚያ ሜዳው ላይ መጠነኛ ፍጥነት ያዙና በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ነዳጅ፣ ሳታቋርጡ ውጡ። መሃል ላይ ማርሽ መቀየር ጉልበቱን ያቋርጠዋል። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ አትጨምሩ፣ ቀንሱ። መኪናው ከቆመ ረዳቱ ወዲያው ታኮ ያድርግ፤ ግን ከመኪናው ትክክለኛ ኋላ አይቁም፣ ከጎን ሆኖ ይወርውር።

ቁልቁለት

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። መሃላቸው ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ በዚህ አስቡት። ደሴ ላይ በረዶ ጥሎ ኮምቦልቻ ደረቅ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ከባዱ የላይኛው ክፍል ነው ማለት ነው።

ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ምክር «ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረድ» የሚል ነው፤ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማለት ነው። እውነት ነው፤ ግን በኋላ ጎማ መኪናና በበረዶ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቃችሁት፣ እጅ ፍሬን እንደ መሳብ ይቆጠራል። ኋላው ይወረወራል። ስለዚህ ከባዱን ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። መሃል ላይ መቀየር የግድ ከሆነ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁት። የአይሱዙ የጭስ ፍሬንም የሚይዘው በሞተሩ በኩል የኋላውን ጎማ ነው፤ ባዶ ከሆናችሁ በበረዶ ላይ አትክፈቱት። በፍሪ ማርሽ መውረድ በምንም መልኩ አይሆንም።

ፍሬን የምትይዙት ከኩርባው በፊት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ኩርባው ውስጥ እግራችሁ ምንም አይሥራ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሌለው መኪና ከሆነ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ኤቢኤስ ካለው ግን እግራችሁን አታንሱ፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥም ሥራውን እየሠራ ነው።

ኋላው ከተወረወረ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እኔን የጣለኝ እሱ ነውና።

ኋላው መሄዱን መጀመሪያ የሚሰማው ወገባችሁ ነው። ወንበሩ ከሥራችሁ ወደ ጎን የተገፋ ይመስላችኋል። ዓይን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት እግራችሁ ወደ ፍሬን መሮጥ ይፈልጋል። አትፍቀዱለት። ነዳጁን በለስላሳው ልቀቁ፤ ፍሪሲዮኑን እርገጡ። የኋላ ጎማው ከሞተሩ ሲላቀቅ በነፃ ይዞራል፤ በነፃ የሚዞር ጎማ ደግሞ መንገዱን መልሶ መያዝ ይችላል።

መሪውን ኋላው ወደሄደበት አቅጣጫ አዙሩ። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪው ወደ ቀኝ፤ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ሲነበብ ግራ ያጋባል። ቀላሉ ዘዴ ዓይን ነው። ልትሄዱበት የምትፈልጉትን መንገድ እዩ፤ እጅ ዓይንን ይከተላል። ገደሉን ያየ ሰው ወደ ገደሉ ይሄዳል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ይመጣል። መኪናው መመለስ እንደጀመረ መሪውንም አብራችሁ መልሱ። ከዘገያችሁ ኋላው ወደ ተቃራኒው ጎን ይወረወራል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ፊቱ ከሆነ የተንሸራተተው፣ ማለትም መሪ አዙራችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ መሪውን አትጨምሩበት። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፤ መሪውን ትንሽ መልሱና እስኪይዝ ጠብቁ።

ከተያዛችሁ

ጎማው ቦታው ላይ ከዞረ አቁሙ። እያንዳንዱ ዙር በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ጉድጓዱንም ያጠልቀዋል። ውረዱና ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ያለውን በረዶና ጭቃ በአካፋ ጥረጉ። አሸዋውን በትኑ። ጆንያውን ከጎማው ፊት አስገቡት፤ ስትነሱ ከኋላ ሰው እንዳይቆም፣ ጆንያው ተፈትልኮ ይወጣል።

አንዱ ጎማ ብቻ እየዞረ ሌላው ከቆመ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው፣ ጉልበቱን ሁሉ ወደቀለለው ጎማ ስለሚሰድ ነው። በዚህ ጊዜ እጅ ፍሬኑን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ሳቡና ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ስጡ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማ ላይ ከሆነ የሚዞረውን ይይዘውና ጉልበቱ በከፊል ወደቆመው ይሻገራል። እኔን ከቦዩ ያወጣኝ ይህና ሦስት ገበሬዎች ናቸው። ስትወጡ እጅ ፍሬኑን መልቀቅ እንዳትረሱ።

ይህ ዘዴ ለዋልካ ጭቃም ይሠራል። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ከበረዶ ብዙ አይለይም፤ እንዲያውም የጎማውን ጥርስ ስለሚሞላው ይብሳል።

ከደረሳችሁ በኋላ

ቀስ እያላችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ንኩት፤ እርጥበቱ ይደርቃል። አይሱዙ ከሆነ የኋላ ጥንድ ጎማዎቹ መሃል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ አውጡ፤ ጎማ ይበላል፣ ሲፈናጠርም የሰው መስታወት ይሰብራል። የረጠበውን አሸዋ አውርዳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። እርጥብ ሆኖ ካደረ በውርጭ ጠንክሮ ድንጋይ ይሆናል፤ በማግስቱ ጎማ ሥር ልበትነው ብትሉ እሺ አይላችሁም።