በእንግሊዝኛ ስታወሩ ግሱን፣ አድቨርቡንና ኮንጀንክሽኑን እንዴት ትገጣጥማላችሁ

ብዙ ቃል ሸምድዶም አረፍተ ነገር አልገጥም የሚለው ሰው ብዙ ነው፣ ችግሩ የቃል ማነስ አይደለም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ነገር እሱ ላይ ይለጥፍበታል። "ስለዘነበ አልመጣሁም" ስንል "ስለ" ግሱ ላይ ናት፣ "እኔ" የሚለውም እዛው "አልመጣሁም" ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ይሄን በታትኖ ለየብቻ ያቆመዋል፣ "አይ ዲድንት ካም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ"።

ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱንና ግሱን ብቻ ያዙ። "ጠዋት ጠዋት ሁሌ ቡና እጠጣለሁ" ለማለት "አይ ድሪንክ" በሉ፣ "እጠጣለሁ" ላይ ያለችው "እ" ናት "አይ" ሆና የወጣችው። ከዛ ኮፊ፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ጊዜው፣ ኢን ዘ ሞርኒንግ።

አሁን "ሁሌ" የምትለዋን አድቨርብ፣ ማለትም ግሱን የምትገልጸዋን ቃል አስገቡ። ኦልዌይስ፣ ዩዥዋሊ፣ ኔቨር የመሳሰሉት ግሱ ፊት ነው የሚገቡት፣ "አይ ኦልዌይስ ድሪንክ ኮፊ"። ግሱ አም፣ ኢዝ፣ አር ከሆነ ግን ከኋላው ይሆናሉ፣ "ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት"። ሃቭ ወይ ካን ካለ መሃል ይገባሉ፣ "አይ ሃቭ ኔቨር ሲን ሂም"። ኔቨር ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ እኛ "በጭራሽ አላጨስም" ብለን ግሱንም አሉታዊ እናደርገዋለን፣ በእንግሊዝኛ ግን ኔቨር ራሷ "አል...ም" ናት፣ "አይ ኔቨር ስሞክ" ካላችሁ አለቀ፣ ዶንት አትጨምሩ።

እንዴት እንደተደረገ የሚናገረው አድቨርብ ደግሞ ከተሳቢው በኋላ ይመጣል፣ "ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል" እንጂ "ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ" አይባልም። እዚህ ጋ አንድ የማልረሳው ነገር አለ፣ እህቴ ለስራ ኢንተርቪው ስትዘጋጅ አብሬያት እለማመድ ነበር እና "ጠንክሬ ሰርቻለሁ" ለማለት "አይ ዎርክድ ሃርድሊ" አለች፣ ሊ ሲጨመር አድቨርብ ይሆናል ተብላ ስለተማረች ነው፣ ጥፋቷም አይደለም። ግን ሃርድሊ ማለት "እምብዛም" ነው፣ ስለዚህ ያለችው "እምብዛም አልሰራሁም" ሆነ። ትክክሉ "አይ ዎርክድ ሃርድ" ነው፣ ሃርድ እና ፋስት ሊ ሳይጨመርባቸው እንዲሁ አድቨርብ ይሆናሉ።

ወደ ኮንጀንክሽን፣ ማለትም ሁለት ሃሳብ ወደሚያገናኙት ቃላት ስንመጣ ቢኮዝ፣ ኢፍ፣ ዌን፣ አፍተር ሁሌም ከባለቤቱ ፊት ነው ቦታቸው። "ስራ ከጨረስኩ በኋላ እደውልልሃለሁ" ሲባል "በኋላ" ከግሱ ኋላ ናት፣ በእንግሊዝኛ ግን ፊት ትወጣለች፣ "አፍተር አይ ፊኒሽ ዎርክ፣ አይ ዊል ኮል ዩ"። ዊል አንድ ጎን ላይ ብቻ እንዳለች ልብ በሉ፣ "አፍተር አይ ዊል ፊኒሽ" አይባልም። እኛ "ቢደክመኝም ግን ሄድኩ" ማለት ስለለመድን ደግሞ ኦልዞው ብለን ጀምረን መሃል ላይ በት እንጨምራለን፣ አንዷ ትበቃለች። ቢኮዝ እና ሶ የሚሉትም እንደዛው አብረው አይሄዱም።

ለኔ ከሁሉም ከባዱ ግን "ገብቼ ተኛሁ" የሚለው ነው። አማርኛ ጊዜውን የሚያሸክመው መጨረሻ ላይ ላለው ግስ ብቻ ነው፣ "ገብቼ" ብቻዋን ትላንት ይሁን ነገ አትናገርም ("ገብቼ እተኛለሁ" ማለትም ይቻላል)። እንግሊዝኛ መሃላቸው ኤንድ አድርጎ ሁለቱንም ግስ ወደ ያለፈ ጊዜ ይቀይራል፣ "አይ ኬም ሆም ኤንድ ስሌፕት"። "አይ ካም ሆም ኤንድ ስሌፕት" የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ሁሉንም ባንድ ላይ ሞክሩት፣ "ትላንት በጣም ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ቤት ገብቼ ተኛሁ"። "አይ ዎዝ ሪሊ ታየርድ የስተርዴይ፣ ሶ አይ ኬም ሆም ኧርሊ ኤንድ ስሌፕት"። ከዛ ስልካችሁን ክፈቱና ዛሬ ለሰው የላካችሁትን አንድ ቴክስት በዚሁ መንገድ ቀይሩት፣ መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ።