ባቡር ጣቢያ የሆነው ክፍል፦ አንደኛ ክፍልን በአንድ ጭብጥ እንዴት እናሰናዳው?

ጳጉሜ ላይ የክፍሉን ቁልፍ ተቀብላችሁ በሩን ስትከፍቱ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። ጥቁር ሰሌዳ፣ በሦስት ረድፍ የቆመ ዴስክ፣ አምና ከተለጠፈ ወረቀት የቀረ ቁራጭ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃምሳ ሁለት ልጆች ይገቡበታል። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ያወራሉ፤ ፊደል የሚያዩት ገና ሊሆን ይችላል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌን በባቡር ጭብጥ ማሰናዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ሁሉ ከሽፎብኛል። ለምን እንደከሸፈ ሦስተኛው ደረጃ ላይ በሰፊው እነግራችኋለሁ፤ ከሁሉም በላይ እሱን አንብቡት።

1. ጭብጡን ከልጆቹ ደጃፍ ውሰዱ

ገበያ ላይ የሚሸጡትን የካርቱን ፖስተሮች ተዉአቸው። ድሬዳዋ ያለ ልጅ በረዶ ላይ የቆመ ቤት ሥዕል ምኑ ነው? ጭብጥ ማለት ልጁ ከቤቱ ወጥቶ በጣቱ ሊያሳየው የሚችል ነገር ነው። ለእኛ እሱ ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው አስቸገረና ሐዲዱ ከተራራው በታች ባለው ሜዳ አለፈ፤ ከተማችንም በእሱ ሰበብ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በ1909 ነው። የማንኛውም ልጅ አያት ስለ ምድር ባቡር የሚያወራው አያጣም።

ሐረር የምታስተምሩ ከሆነ ከጀጎል ግንብ የተሻለ ጭብጥ የላችሁም። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። አምስት በር፣ አምስት የክፍል ማዕዘን፦ የንባብ፣ የሒሳብ፣ የሥዕል፣ የጨዋታ፣ የዕቃ ማስቀመጫ። ግንቡ በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ገና ያልተወለዱት ልጆች በሮቹን አንድ በአንድ ሲጠሩ መስማት ደስ ይላል።

ጭብጡ ከተመረጠ በኋላ ለምትሠሩት ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ምን ይሠራል? ባቡሩ ፊደል ያስተምራል? ዕቃ ይይዛል? ልጁ ተራውን እንዲያውቅ ይረዳል? መልስ ከሌለው አትሥሩት። ማስዋብ ብቻ ከሆነ ልጁ ለሁለት ቀን ያየዋል፤ በሦስተኛው ቀን ከነመኖሩም ይረሳዋል።

2. ዕቃ መሰብሰብ

ማዳበሪያ፣ ካርቶን፣ ሽቦ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ትንሽ የዘይት ቀለም፣ ብሩሽ። ማዳበሪያው የስንዴ ወይም የስኳር ነጩ ይሁን፤ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል። መቆንጠጫ ታይዋን ገበያ በደርዘን ይገኛል። ካርቶን ማንም ባለ ሱቅ ያለ ገንዘብ ይሰጣችኋል። ሽቦ ስትገዙ ነጩን፣ የማይዝገውን ውሰዱ። ግንበኞች ብረት የሚያስሩበት ጥቁሩ ሽቦ ርካሽ ነው፤ ግን ይዝጋል፣ የልጆቹንም እጅ ያቆሽሻል። ብልጭልጭና ፊኛ አትግዙ። ያ ገንዘብ ለቀለምና ለብሩሽ ይሁን።

3. አትለጥፉ፣ ስቀሉ

አሁን ወደ ከበደው ነገር መጣን።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ስለጥፍ ዋልኩ። ባለሁለት ገጽ ፕላስተር በደመወዜ ገዝቼ ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ የባቡሩን ሥዕል ሁሉ ግድግዳው ላይ አሰፈርኩ። አርብ ማታ በሩን ቆልፌ ስወጣ ክፍሉ ሙሽራ መስሏል። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ግማሹ ወለሉ ላይ ነው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ መስኮት የተዘጋበት ክፍል ውስጥ ፕላስተሩ ይለሰልሳል፣ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ይወርዳል። የቀረውን ደግሞ ቬንቲሌተሩ ሲከፈት ከጥጉ እያነሳ ጣለው።

ተስፋ አልቆረጥኩም፤ በዱቄት ኮላ ደግሜ ለጠፍኩት። እሱ ይዞ ነበር። ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉንዳን ግድግዳው ላይ መንገድ ሠራ፣ በረሮም ተከተለ። በመጨረሻ ነቅዬ ላነሳው ስል የግድግዳው ቀለም አብሮ ተላጠ። ክረምት ላይ የተቀባ ግድግዳ ነበር። ማስቀቢያውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ያ ወር ለእኔ ከባድ ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ግድግዳ ላይ ምንም አትለጥፉ።

መፍትሔው ሽቦ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር ትወጥራላችሁ። አንዱ ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ለትልልቁ ሰንጠረዥ፣ ሌላው 1 ሜትር ከ10 ላይ ልጆቹ በእጃቸው እንዲደርሱበት። ጫፍና ጫፍ ላይ የኮንክሪት ሚስማር ይመታል። መሐል ላይም በየሜትር ተኩሉ አንድ አንድ ድጋፍ ያስፈልጋል። ድጋፉን አትዝለሉ። ሽቦው መሐሉ ላይ ከረገበ የሰቀላችሁት ሁሉ እየተንሸራተተ መሐል ላይ ይከመራል። ለመወጠር አንድ ሰው ይጎትት፣ ሌላው በፒንሳ ሦስት አራት ጊዜ ይጠምዝዝ። ብቻዬን ሞክሬ አልሆነልኝም። ጥበቃችንን ለመንኩና በሃያ ደቂቃ አለቀ።

የሽቦው ጫፍ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ታችኛው ሽቦ የሚያልፈው በልጅ ዓይን ትይዩ ነው። እኔ ጫፉን ቆርጬ እንዲሁ ተውኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ልጅ እጅ ተቧጨረ። ዓይኑ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከግድግዳው ጋር አስተኙት፣ ላዩን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በፕላስተር እሰሩት። ፕላስተር የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ሰንጠረዡ የሚጻፍበት ማዳበሪያ። ስፌቱን ተርትራችሁ ዘርጉት፣ በኦሞ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ጽሑፍ የሌለበት የውስጡ ገጽ ነው የሚጻፍበት። ካውያ አታስነኩት፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል። እንዲቃና አንድ ሌሊት ፍራሽ ስር አስተኙት። የተቆረጠው ጠርዝ ክሩ እንዳይመዘዝ የሻማ ነበልባል በስሱ አሳልፉበት። ይህን ደጅ ላይ፣ ልጅ በሌለበት አድርጉት። ከላይ በኩል ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት። ከታች በኩልም አጥፋችሁ ቀጭን ሸምበቆ አስገቡበት። ሸምበቆው ክብደት ይሆነዋል፤ ቬንቲሌተሩ ቢዞርም አይገለበጥም። ብዙ ሰው ይህቺን ትቶ ነው ማዳበሪያው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ የሚውለው።

ለጽሑፉ ማርከር አልመክርም። ማዳበሪያ ላይ ይፈሳል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ በሁለት ወር ይደበዝዛል። የዘይት ቀለም በትንሽ አኳራጅ አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ ጻፉ። ሁለት ቀን ደጅ ይድረቅ፤ ሽታው ለልጆች ጥሩ አይደለም። የኔ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

4. የፊደሉ ባቡር

ፊደላችን ለባቡር የተፈጠረ ይመስለኛል። ሀ ሞተሩ ነው፤ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ ስድስት ፉርጎ ሆነው ይከተሉታል። ሠላሳ ሦስቱም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ፊደል የኤ4 ወረቀት ግማሽ በሚያህል ካርቶን ላይ ይጻፋል። ካርቶኑ አናቱ ላይ ሁለት የሽቦ ማንጠልጠያ ይደረግለትና በታችኛው ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። አንድ ባቡር 1 ሜትር ከ65 ገደማ ይወስዳል።

መጀመሪያ ፉርጎዎቹን በሲባጎ አስሬ አያይዤአቸው ነበር። አንድ ቀን የተማሪ አያት ልጁን ሊወስዱ መጡ። በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ገቡና ሀ እና ሁ የተያያዙበትን ሲባጎ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«አንቺ፣ ፉርጎ በገመድ አይታሰርም» አሉኝ። «መንጠቆ አለው። ተፈቶ ሌላ ጋ ይቀጠላል።»

እሳቸው እንዳሉት ሠራሁት። በእያንዳንዱ ካርቶን ግራ በኩል የሽቦ ቀለበት፣ በቀኝ በኩል መንጠቆ። ጫፉ ተጠቅልሎ የታጠፈ፣ የማይወጋ። ከዚያ ወዲህ ፊደል ማስተማር ሌላ ነገር ሆነልኝ። ጠዋት ስገባ ሁለት ፉርጎ አቀያይሬ እጠብቃቸዋለሁ። «ባቡሩ ተበላሽቷል» ስላቸው ይሯሯጣሉ። አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ይቀጥላል፣ ሌሎቹ ከዴስካቸው ሆነው «አይደለም፣ ሄ መጀመሪያ!» እያሉ ይጮሃሉ። ድምፅዋን ለወር ያህል ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነበረችኝ፤ ቤቷ ሶማሊኛ ነው የሚወራው። መጀመሪያ የተናገረችው የአማርኛ ቃል «ፉርጎ» ነው።

ሁሉንም ባቡር አትስቀሉ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው። በሳምንት ሦስት ባቡር ብቻ ይታይ፣ ሌላው ካርቶን ውስጥ ይቆይ። ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በእነሱ አቆጣጠር በ2014 የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የአፀደ ሕፃናት ልጆችን በጌጥ በተጨናነቀ ክፍልና ባዶ በሆነ ክፍል እያፈራረቁ አስተምረዋቸው ነበር። ከትምህርቱ በኋላ በተሰጠው ፈተና ባዶው ክፍል ውስጥ የተማሩትን በአማካይ 55 በመቶ መለሱ፤ በተጨናነቀው 42 በመቶ። ስለዚህ ሰሌዳው ያለበትን የፊት ግድግዳ ጨርሶ ባዶ እተወዋለሁ። ልጁ ወደ እኔ ሲያይ ሌላ የሚያየው እንዳይኖር።

5. ወለሉ፣ ዕቃውና ቲኬቱ

የቁጥሩ መስመር ሐዲድ ነው። ከሰሌዳው ፊት ወለሉ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ቀቡ። በየ30 ሴንቲሜትሩ አግዳሚ አስምሩና ከ0 እስከ 20 ጻፉበት፤ 6 ሜትር ይሆናል። ልጁ ሰባት ላይ ቆሞ «አራት ወደፊት» ሲባል እየዘለለ አሥራ አንድ ላይ ያርፋል። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ሁለቱንም በጠመኔ አስምሩላቸውና በእርምጃቸው ይለኩት።

ለዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ካርቶን ፉርጎ ይሰጠዋል። ደብተር እዚያ ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል። ላዩ ላይ የረድፉ ጣቢያ ስም ይጻፍ፦ ሽንሌ፣ ኤረር፣ አዋሽ። «አዋሽ ደብተሩን ያምጣ» ስል አንድ ረድፍ ብቻ ይነሳል። ድሮ ሃምሳ ሁለቱም አንድ ላይ ይነሱ ነበር።

መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ቲኬት ይይዛል። ቲኬቱ ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ ለሴት አንድ ለወንድ። በጣም የቸኮለው ግን ያለ ቲኬትም ይሂድ፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ልጅ ላይ ሕግ አይጠብቅ።

የልጆቹን ስም አትርሱ። በትንንሽ ካርድ ጽፋችሁ በሩ አጠገብ፣ ደረታቸው ከፍታ ላይ «ተሳፋሪዎች» በሚል ስር ስቀሉት። መጀመሪያ ቀን ካልተሰቀለ ዋጋ የለውም። የስም ዝርዝሩ ዘግይቶ ከመጣ የቀረውን ነገር ተዉትና ማታ ቁጭ ብላችሁ እሱን ጻፉ። ፊደሉን ደግሞ አጥሩ። የአንድ ልጅ ስም ተሳስቼ ጽፌ ሳምንት ሙሉ ያንን ካርድ ሳይነካው እንዳለፈ አስታውሳለሁ።

6. ፈረቃ ካለ

የኛ ክፍል ጠዋት የኔ ነው። ከሰዓት የአፋን ኦሮሞ ክፍል ይገባበታል። መጀመሪያ ላይ የከሰዓቷ መምህርት ሳላማክራት ግድግዳውን በሙሉ በፊደል ሞልቼው ነበር። ቅር ብሏት ሳለ እንኳ ዝም አለችኝ፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ሚስማር ከመምታቴ በፊት አብረን እንለካለን። የላይኛው ሽቦ የኔ ግማሽና የሷ ግማሽ አለው። የታችኛው በፈረቃ ይቀየራል፦ እኔ ስወጣ ባቡሮቼን በካርቶን እሰበስባለሁ፣ እሷ ቁቤዋን፣ የአፋን ኦሮሞውን የላቲን ፊደል፣ በዚያው መንጠቆ ትሰቅላለች። የዕለቱ ተረኛ ልጆች ይሠሩታል። ሰባት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰኔ ላይ ማዳበሪያውን አትጠፉት፤ የታጠፈበት ቀለም ይሰነጠቃል። ሸምበቆው ላይ ጠቅልሉት፣ በሲባጎ እሰሩት፣ ላዩ ላይ የውስጡን ጻፉበትና አይጥ የማይደርስበት ቦታ አቁሙት። ፉርጎዎቹን ቁጠሯቸው። እኔ በየዓመቱ አምስት ስድስት ይጎድሉብኛል፤ የጎደሉትን ክረምት ላይ እተካለሁ። ሽቦው እንደተወጠረ ይቆያል።