ሰው ሠራሽ የመንጋጋ መገጣጠሚያ በሌላ ሲተካ፦ ዝግጅቱና የሚጠበቀው ውጤት

ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር ተነሥቶ ለክትትል አዲስ አበባ የሚመላለስ ሕመምተኛ፣ ከጆሮው ፊት ለፊት የተተከለለት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ወጥቶ በሌላ እንደሚተካ ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሕመሙ ይለቀኛል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ከድጋሚው ቀዶ ሕክምና በኋላ የአፍ መከፈት ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል፤ ሕመሙ ግን ቢቀንስም ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። በተለይ መንጋጋው ላይ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የሚያገኘው ለውጥ ያነሰ ነው፤ ጠባሳው ይጠነክራል፣ ለዓመታት የቆየ ሕመምም በነርቮች ላይ ሥር ስለሚሰድ መገጣጠሚያው ከተቀየረ በኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት መዝገብ ይጀምሩ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ፊትን በሚያደነዝዝበት ማለዳ ሳይሆን ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ መስታወት ፊት ቆመው አፍዎን እስከቻሉ ድረስ ይክፈቱና ከታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ላይኛው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይለኩ። የተማሪ ማስመሪያ ከዜሮው በፊት ትርፍ ጠርዝ ስላለው፣ ጠርዙን ቆርጠው ካልጣሉት ልኬቱ ያሳስትዎታል። የጤነኛ አዋቂ አፍ በአብዛኛው ከ35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ከልኬቱ ጎን የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይጻፉ፤ እንጀራ ማኘክ ችለው እንደሆነ ወይም በአጥሚት ብቻ እንደዋሉም ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሙን «ለምን ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ ውጤቱን ከሁሉም በላይ የሚወስነው መልሱ ነውና። በዙሪያው ትርፍ አጥንት በቅሎ ከሆነ አጥንቱ ይነሣል፤ ተመልሶ እንዳይበቅልም ከሆድ የተወሰደ ስብ በዙሪያው ሊጠቀጠቅ ይችላል። ብሎኑ ከላላ ወይም አካሉ ካለቀ መተካቱ ግልጽ መፍትሔ ነው። ያመረቀዘ ከሆነ ግን፣ በተለይ ከቆየ፣ ሥራው ሁለት ዙር ሊሆን ስለሚችል (መጀመሪያ ይወጣል፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ከዚያ አዲሱ ይገባል) የማረፊያውንም የመጓጓዣውንም ወጪ ለሁለት ጉዞ ያስቡ። የጆሮ ጌጥ የሚያሳክክዎ ከሆነም ይናገሩ፤ ሰውነትዎ አንዳንድ ብረት የማይቀበል ሊሆን ስለሚችል፣ በኮባልትና በክሮሚየም ቅይጥ ፈንታ ቲታኒየም ሊመረጥ ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሕመም ብቻ ሲባል የሚደረገውን ለውጥ ግን እኔ አልደግፍም፤ ሌላ ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል።

በአሜሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴፍሎን (የፕላስቲክ ዓይነት) ያለበት ሰው ሠራሽ የመንጋጋ ተከላ ተፈረካክሶ የብዙዎችን አጥንት በልቷል፤ ተሰብስቦ ከገበያ የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ስለ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ብዙ ትምህርት የተገኘው ከእነዚያ ሕመምተኞች ነው።

አዲሱ መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ይከፈታል እንጂ እንደ ተፈጥሮው ወደ ፊትና ወደ ጎን እምብዛም አይንሸራተትም፤ ቆሎ መፍጨት የሚከብደውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ምላስ መጫኛ ጠፍጣፋ እንጨቶችን ደራርቦ በጥርስ መካከል በማስገባት፣ በየጊዜው አንድ እየጨመሩ በቀን ብዙ ጊዜ መለማመድ የግድ ነው። ልምምዱን የተወ ሰው በቀዶ ሕክምና ያገኘውን መከፈት መልሶ ያጣል። በቀዶ ሕክምናው የፊት ነርቭ ተነክቶ ቅንድብ አልነሣ ቢል ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ዓይን አልከደን ካለ ግን እንዳይደርቅ ወዲያው ጠብታ ያስፈልገዋል። ትኩሳት፣ ከጆሮ ፊት እብጠት ወይም መግል ከታየ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ያንኑ ዕለት ይሂዱ።