«ድርጅቴ በሕግ ፊት ሰው ነው» ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች፦ አሜሪካ ውስጥ ንግድ ለከፈቱ

«ሰው ማለት የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው» የሚለው ትርጓሜ በኢትዮጵያ አዋጆች የመጀመሪያ ገጾች ላይ ደጋግሞ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ድርጅት) ወይም ኮርፖሬሽን (የአክሲዮን ኩባንያ) ያስመዘገበ ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከራሱ የተለየ ሌላ ሰው አቁሟል። ያ ሰው በስሙ ይዋዋላል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፤ ሕገ መንግሥታዊ መብትም አለው። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሰዎች ሲቀላቀሉ ነው። አንዳንዱ ባለቤት የራሱን መብት ለድርጅቱ ሊያውሰው ይሞክራል፤ ሌላው ደግሞ ድርጅቱ ያለውን መብት ሳያውቅ በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ድርጅትን ሰው ያደረገው የሲቲዝንስ ዩናይትድ ፍርድ ነው»

አይደለም። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የወሰነው፣ ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩዎች ጋር ሳይመካከሩ በራሳቸው ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡትን ገንዘብ መንግሥት ሊከለክል እንደማይችል ነው። ሰውነቱ ከዚያ በፊት የቆየ ነገር ነው። በ1819 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ጉዳይ የኮሌጁ ቻርተር (የመመሥረቻ ሰነዱ) ውል ስለሆነ የኒው ሃምፕሻየር ስቴት እንዳሻው ሊለውጠው አይችልም ተብሎ ነበር።

በመካከል ያለው የ1886ቱ የሳንታ ክላራ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጸሐፊን ያሳስታል። ክርክሩ ካውንቲው ከሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ስለጠየቀው ግብር ነበር። ፍርዱ ያረፈው በሐዲዱ ዳር ያለው አጥር ያለ አግባብ በግምቱ ውስጥ ገብቷል በሚል ነጥብ ላይ ነው። ለሰው ሁሉ እኩል የሕግ ጥበቃ የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ ድርጅቶችንም እንደሚጠብቅ ዋና ዳኛ ሞሪሰን ዌይት የተናገሩት በቃል ሲሆን፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ አዘጋጅ ባንክሮፍት ዴቪስ ከፍርዱ በላይ ባለው ማጠቃለያ ውስጥ አስገቡት። ማጠቃለያ ደግሞ ፍርድ አይደለም። ሳንታ ክላራን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ፍርድ ቤቱ በ1889 በቤክዊዝ ጉዳይ ነጥቡን በራሱ ፍርድ ውስጥ በግልጽ አስፍሮታል።

«ሰው ከሆነ የሰው መብት ሁሉ አለው»

ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት «ድርጅት ሰው ነው ወይ?» ብለው ሳይሆን «ይህ የተለየ መብት ለድርጅት ይደርሳል ወይ?» ብለው ነው። መልሱም እንደ አንቀጹ ይለያያል። ንብረቱ ያለ ካሳ እንዳይወሰድበት፣ ሳይሰማ እንዳይፈረድበት፣ ያለ ምክንያት እንዳይበረበር ይጠበቃል። የመናገር ነፃነት አለው፤ ለንግድ ማስታወቂያው የሚሰጠው ጥበቃ ግን ለፖለቲካ ንግግር ከሚሰጠው ያነሰ ነው።

ዜግነት ግን የለውም። በ1869 ፖል በቨርጂኒያ ላይ ባቀረበው ክርክር፣ አንድ ስቴት ለሌላ ስቴት ዜጎች የሚያከብረው መብት ለድርጅት እንደማይሠራ ተወሰነ። የዚህ ውጤት በዋሽንግተን ዙሪያ በየቀኑ የሚታይ ነው። እርስዎ ከሜሪላንድ ተነስተው ድልድዩን ሲሻገሩ ማንም «ተመዝገብ» አይልዎትም። ሜሪላንድ የተመዘገበው ኤል ኤል ሲዎ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ሱቅ ሲከፍት የውጭ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ አለበት። ይህን ሳያደርግ ቆይቶ ያልተከፈለውን ሒሳብ ለማስመለስ ሲከስ፣ ተከሳሹ የሚያነሳው የመጀመሪያ መቃወሚያ ይሄው ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ምዝገባውና ቅጣቱ እስኪሟላ ክሱ አይቀጥልም።

«አምስተኛው ማሻሻያ አለኝ፤ የድርጅቱን ሰነድ አልሰጥም»

ሰው ክፉኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በራስ ላይ አለመመስከር የተፈጥሮ ሰው መብት ነው፤ ድርጅት እንደሌለው ከ1906ቱ የሄል ጉዳይ ጀምሮ የጸና ነው። «ድርጅቱ እኔው ነኝ፣ ሌላ ባለአክሲዮን የለም» ማለትም አያድንም። በ1988 በብራስዌል ጉዳይ ሰውዬው ኩባንያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ብቻውን ነበር፤ ከእሱ ሌላ በዲሬክተርነት የተጻፉት ሚስቱና እናቱ ነበሩ። ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ ሰነዶቹን የያዘው የኩባንያው ጠባቂ ሆኖ ስለሆነ የማቅረብ ግዴታ አለበት አለ። ለእሱ የቀረለት ጥበቃ ትንሽ ናት፦ ዐቃቤ ሕጉ «ሰነዱን ያመጣው እሱ ራሱ ነው» ብሎ ለዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) መንገር አይችልም።

ድርጅት ሳያቋቁም በራሱ ስም የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ታክሲውን በግሉ የሚነዳ፣ የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ሰነድ ማስረከብ በራሱ «ይህ ሰነድ አለ፣ የእኔም ነው» ብሎ እንደ መመስከር ስለሚቆጠር፣ በ1984 ፍርድ ቤቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ግለሰብ የማስረከቡን ተግባር ጠብቆለታል። ኤል ኤል ሲ ያቋቋመ ሰው ንብረቱን ከዕዳ ሲጋርድ ይህን ጥበቃ መልቀቁ ነው። የሚያሳዝነው፣ ወረቀቱን ሲሞላ ይህን የሚነግረው አለመኖሩ ነው።

አንድ ቅርብ ምሳሌ እንይ። በካሽ ሬጂስተሩ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ደብተር አለች። በቀኝ ገጽ የዕለቱ ሽያጭ፣ በግራ ገጽ የእቁብ ተራና የከፋዮች ስም ተጽፎባታል። የድርጅቱ ሽያጭ ስለተመዘገበባት የድርጅቱ መዝገብ ነች ተብላ ልትጠየቅ ትችላለች፤ ያኔ የእቁቡም ስም ዝርዝር አብሮ ይሄዳል። ሁለት ደብተር መግዛት ሦስት ዶላር አይፈጅም። በስልክም ያው ነው፤ የሱቁን ትእዛዝ በአንድ ቁጥር፣ የቤተሰቡን ወሬ በሌላ።

ሰነድ አምጡ የሚል መጥሪያ ሲደርስ መጀመሪያ ለማን እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ ለድርጅቱ ነው ወይስ በስምዎ? ቀጥሎ፣ ምንም ነገር አይሰርዙ። የቴሌግራም መልእክት፣ የካሽ ሬጂስተር መዝገብ፣ የካሜራ ቅጂ፣ ሁሉም ባለበት ይቆይ። ምርመራን ለማደናቀፍ ሰነድ ማጥፋት በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ዋናው ጉዳይ ቀላል ሆኖ ሳለ በዚህ ብቻ ሊታሰሩ ይችላሉ። በቃል ሲጠየቁ ግን እርስዎ ሰው ነዎት፤ በራስዎ ላይ ወንጀል የሚያመጣ ጥያቄ አልመልስም ማለት ይችላሉ። የድርጅቱ ጠበቃም የእርስዎ ጠበቃ ላይሆን ይችላል። ከእሱ ጋር የተነጋገሩት ምስጢር የድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ እጅ ከቀየረ አዲሱ ባለቤት ሊከፍተው ይችላል። ሽርክና ካለ የየግል ጠበቃ ያስፈልጋል።

«ባጅ ያለው ሁሉ እንደፈለገ ይገባል»

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ስህተት ነው፤ ያለ መብትን መጣል። በ1975 በአይዳሆ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ተቋራጭ የነበረ ሰው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪውን «የዳኛ ማዘዣ አለህ?» ብሎ ከሠራተኞች ክፍል መለሰው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ድረስ ሄዶ በ1978 ረታ። ያለ አግባብ ከመፈተሽ የሚጠብቀው አራተኛው ማሻሻያ ለንግድ ቤትም ይሠራል።

ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ግን ለተቆጣጣሪም ክፍት ነው። ጥበቃው ያለው ወጥ ቤቱ፣ መጋዘኑና ቢሮው ላይ ነው። በዘርፉም ይለያያል፦ አልኮል፣ ጦር መሣሪያ፣ ማዕድንና የአሮጌ መኪና መበለቻ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ስለሆኑ በሕጋቸው መሠረት ያለ ማዘዣ ሊፈተሹ ይችላሉ። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ምግብ ቤት ለፈቃድ ሰጪው ተቆጣጣሪ «አትገባም» ካለ የሚያጣው ፈቃዱን ነው። የጤና ተቆጣጣሪም እንዲሁ፤ የምግብ ፈቃዱ ሲሰጥ የፍተሻው ነገር አብሮ ተጽፏል። ከመከልከልዎ በፊት ማን እንደመጣ ይለዩ።

መብቱ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በሠራተኛ አፍ ነው። ባለቤቱ በሌለበት የመጣው ሰው ወጥ ቤቱን ልይ ሲል ሠራተኛዋ በትሕትና «ግቡ፣ ግቡ» ትላለች። እንግዳ ተቀባይነታችን እንዲህ ባለ ሰዓት እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጠኑ፦ «እኔ የመፍቀድ ሥልጣን የለኝም፤ ኃላፊውን ልጥራ።» ኃላፊው ሲመጣ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ያያል፤ ወረቀት ካለ አራት ነገር ያነባል፦ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የዳኛ ፊርማ፣ ትክክለኛውን አድራሻና የትኛው ክፍል እንደሚፈተሽ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ኃላፊ ፊርማ የሚያወጣው ማዘዣ የዳኛ ስላልሆነ፣ ሕዝብ ወደማይገባበት ክፍል ያለ ፈቃድ አያስገባም። የሠራተኞችን የአይ ናይን ቅጽ (የመሥራት ፈቃዳቸው የተረጋገጠበትን) ለማየት ማስታወቂያ ከተሰጠ ደግሞ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ጊዜ አለዎት፤ እዚያው ላይ ማስረከብ ግዴታ አይደለም። ያለ ፈቃድ ከገቡ በአካል አይጋፉ፣ አይዋሹ፣ ሰው አይደብቁ። «አልፈቅድም» ብለው ሰዓቱንና የመጡትን ስም መጻፍ ይበቃል፤ የቀረው በፍርድ ቤት ይታያል።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ፍርድ ቤት ራሴ እቆማለሁ»

ግለሰብ ያለ ጠበቃ ለራሱ መከራከር ይችላል። ድርጅት ግን አፍ የለውም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚናገርለት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ብቻ ነው፣ አብዛኞቹ ስቴቶችም ይህንኑ ይከተላሉ። አነስተኛ ክስ የሚታይባቸው ችሎቶች በብዙ ቦታ ለባለቤቱ ይፈቅዳሉ። አደጋው ባለቤቱ መልሱን ራሱ ጽፎ ፈርሞ ማስገባቱ ነው፤ ጽሑፉ እንዳልቀረበ ሊቆጠርና በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤት መልስ መስጫው ክሱ ከደረሰ 21 ቀን ነው። ጠበቃ ፍለጋው በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር።

ሰውነቱን በፊርማ ማፍረስ

ሕጉ ሁለት ሰው ናችሁ ያላችሁን እርስዎ በብዕር አንድ ያደርጉታል። ውል ላይ ስምዎን ብቻ ከፈረሙ ተዋዋዩ እርስዎ ነዎት ሊባል ይችላል። ትክክለኛው አጻጻፍ ከላይ የድርጅቱ ሙሉ ስም ከነ«ኤል ኤል ሲ»ው፣ ከሥሩ ፊርማዎ፣ ቀጥሎ ስምዎና «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ማዕረግ ነው። በሱቅ ኪራይ ውል ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ገጾች ያንብቡ። «ፐርሰናል ጋራንቲ» የሚል ርዕስ ካለ በግልዎ ዋስ ሆነዋል፤ ሱቁ ቢዘጋ ቀሪው ኪራይ ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ባይሰርዙት እንኳ በ12 ወይም በ24 ወር ኪራይ እንዲወሰን ይደራደሩ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ሒሳብ መክፈልም ያው ነው፤ ዕዳ ጠያቂው «ድርጅቱ የይስሙላ ነው» ብሎ ሲከራከር የሚያቀርበው ያንን የባንክ መግለጫ ነው።

ለዕጩ ቼክ መጻፍ

ከሲቲዝንስ ዩናይትድ በኋላ «ድርጅት መለገስ ይችላል» የሚል ወሬ በሰፊው ስለተሰማ፣ በእራት ግብዣ ላይ ብዙ ሰው የሱቁን ቼክ ያወጣል። የ1907ቱ የቲልማን ሕግ ክልከላ ዛሬም አለ፦ ኮርፖሬሽን ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት አይችልም። ኤል ኤል ሲ ከሆነ የሚወስነው ግብር የሚከፍልበት መንገድ ነው። እንደ ኮርፖሬሽን ከሆነ ክልክል ነው፤ እንደ ሽርክና ከሆነ ገንዘቡ በእያንዳንዱ አባል ስም ይቆጠራል፤ አንድ ባለቤት ብቻ ኖሮት እንደ ኮርፖሬሽን ካልተመዘገበ በባለቤቱ ስም ይያዛል። ለስቴትና ለከተማ ምርጫ የየአካባቢው ደንብ ይታያል። ከአባላቱ መካከል ግሪን ካርድም ዜግነትም የሌለው ካለ፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጉዳዩን የሚጠብቅ ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያለ፣ የእሱ ድርሻ በየትኛውም ደረጃ ምርጫ ላይ መግባት የለበትም። ግሪን ካርድ ያለው ግን ከራሱ ገንዘብ መስጠት ይችላል፤ ቼኩ የግሉ ይሁን።