የገጻችሁ መልክ የሚጀምረው ከካሜራው ነው፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ ነጋዴዎች

በማኅበራዊ ሚዲያ ያለውን የንግድ ገጻችሁን ክፈቱና የመጨረሻዎቹን 12 ፎቶዎች አንድ ላይ እዩ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ጨለማ ሆኖ ከታየ አዲስ ሎጎ አያድነውም። ሰው የገጽ መልክ ሲዘበራረቅበት ወደ ካንቫ (የዲዛይን መተግበሪያ) ይሮጣል፤ ችግሩ ያለው ግን ፎቶው በተነሳበት ቦታና ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃንና ጀርባ፣ ቀጥሎ ቀለምና ፊደል፣ በመጨረሻ ቴምፕሌት (ደጋግማችሁ የምትሞሉት ዝግጁ ቅርጽ)። ምሳሌያችን ሐረር ውስጥ ቡና ቆልቶና አሽጎ የሚሸጥ ቤት ነው፤ ለልብስም ለስፌት (ለሙዳይና ለሌማት) ሥራም አካሄዱ ያው ነው።

ብርሃን

ሐረርና ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከፍ ብለው ነው የሚገኙት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሳ የቡና ከረጢት ከላይ ይነጣል፣ ከፊቱ ይጠቁራል፣ ጽሑፉም አይነበብም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል አንሱ። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ፤ የጠዋትና የማታ ብርሃን ቀለማቸው አንድ አይደለም። ቦታው በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጥላ ይሁን፤ ብርሃኑ ከጎን ይግባ። በሌላው ጎን ከዕቃው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነጭ ካርቶን አቁሙ። ጥላውን ያለሰልሰዋል።

የቤት አምፖሉን አጥፉ። የቀን ብርሃንና አምፖል ሲደባለቁ የከረጢቱ አንድ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም መተግበሪያ በቀላሉ አያስተካክለውም። መብራት ጠፍቶ በስልክ ፍላሽ የተነሳ ፎቶም ለገጹ አይሆንም፤ ለነገ ይደር።

የጀጎል መተላለፊያዎች አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ ግድግዳዎች ያጓጓሉ፤ እውነትም ያምራሉ። ግን ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ቀለሙን ዕቃው ላይ ይረጫል። ነጭ ነጠላ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ አረንጓዴ ይመታል፤ መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ የፊት ለፊቱ ግድግዳም ይጨመርበታል። ግድግዳውን የግድ ከፈለጋችሁ በጥላ ሰዓት አንሱ፣ ዕቃውንም ቢያንስ 1.5 ሜትር አርቁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ለምታነሱም ተመሳሳይ ጣጣ አለ፦ በቅጠል መካከል የሚያልፈው ብርሃን ሰው ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ለልብስ ፎቶ ጥላው ወጥ የሆነበትን የሕንፃ ጥግ ፈልጉ።

ስልኩ ላይ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የውበት ማጣሪያውን አጥፉ። ዕቃው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ በመያዝ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁት ስልኩ በየፎቶው ራሱ ይወስናል፤ አምስት ፎቶ አምስት ዓይነት ይሆናል። ሁለት እጥፍ የሚያቀርበው ሌንስ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ በሰፊው ሌንስ ተጠግታችሁ ስታነሱ ከረጢቱ ይንጋደዳል። ድሬዳዋ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ስልኩ ሲግል ስክሪኑ ራሱን ያደበዝዛል፣ እናንተም ፎቶው የጨለመ መስሏችሁ ታነጡታላችሁ። አርትዖቱን ጥላ ገብታችሁ፣ ስልኩ ከበረደ በኋላ አድርጉት።

ጀርባ

2 ሜትር ያልነጣ አቡጀዲ ይበቃል። ክሬም መሳይ ቀለሙ ለተቆላ ቡናም ለደማቅ ስፌትም ይስማማል፤ አያብረቀርቅም፣ ዋጋውም አይከብድም። ተኩሱት፤ የተጨማደደ ጨርቅ ከምንም በላይ ቸልተኝነትን ያሳብቃል። ለወደፊት የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ከአንድ ጥቅል በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ቀን የሚገዛው ንጣቱ ሊለይ ይችላል።

በየፎቶ ክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ከዕቃው አጠገብ ነጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። በስናፕሲድ (የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ) የዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩን ነጭ የሚያደርግ፣ መሣሪያ ውስጥ ባለው ቀለም መምረጫ ያንን ወረቀት ንኩ። ቀለሙ ይስተካከላል። ከዚያ ብርሃኑንና ንፅፅሩን አስተካክላችሁ ውጤቱን እንደ ራሳችሁ ሉክ (የተቀመጠ ማስተካከያ) አስቀምጡት፤ የቀሩትንም በእሱ አስኪዱ። የተዘጋጁ ማጣሪያዎችን ግን ተዉ። ቡናውን ያቀላሉ፤ ገዢው ከረጢቱን ከፍቶ ያላየውን ቀለም ሲያገኝ የሚወቅሰው ማጣሪያውን ሳይሆን እናንተን ነው።

ቀለም

ሦስት ቀለም በቂ ነው። ለምሳሌያችን የቡና ሻጭ ቡናማ (ቀይ 112፣ አረንጓዴ 66፣ ሰማያዊ 20)፣ ክሬም (250፣ 245፣ 235) እና የቡና ፍሬ ቀይ (178፣ 34፣ 34)። ካንቫ የሚቀበለው ባለ 6 ምልክት ኮድ ነው፤ የቡናማው 704214 ነው። ክሬሙ ከገጹ 60 በመቶ፣ ቡናማው 30፣ ቀዩ 10 ይያዝ። ቀዩ ለዋጋ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ቦታ ከገባ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ጽሑፍ እንዲነበብ ከጀርባው ጋር ያለው ንፅፅር (የድምቀት ልዩነት) ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ቡናማው በክሬም ላይ ወደ 7.8 ይደርሳል፤ ቀዩም 6 ያህል ነው። ቀይ በቡናማ ላይ ግን 1.3 ገደማ ነውና ፈጽሞ አታድርጉት። ቀላሉ መፈተሻ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ነው፤ ጽሑፉ ከጠፋ ቀለሙ አልሠራም።

የሐረር ስፌት የምትሸጡ ከሆነ ሦስተኛውን ቀለም ተዉት። ስፌቱ ራሱ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ይዞ ስለሚመጣ ገጹ ዝም ማለት አለበት፦ ክሬም ጀርባ፣ ጥቁር ጽሑፍ።

ፊደል

ብዙ ገጽ የሚበላሸው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ አምሮ የታየ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው መተግበሪያው በዝምታ በሌላ ይተካዋል፤ በአንዱ ስልክ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራምም አላቸው። አንዱን ለርዕስ፣ ሌላውን ለዝርዝር ውሰዱ፤ ሦስተኛ አያስፈልግም። ዩኒኮድ (ሁሉም ስልክ የሚያነበው የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ስልክ ሲገባ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናልና እንደገና ጻፉት።

1080 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ላይ ርዕሱ ከ90 ፒክስል፣ ዝርዝሩ ከ40 ፒክስል አይነስ። 40 ፒክስል ስልክ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ካነሰ ቡ እና ቢ አይለዩም። በጣም ወፍራሙን ክብደት ለትንሽ ጽሑፍ አትጠቀሙ፤ የፊደሉ ክፍተቶች ይደፈናሉ። የመስመር ርቀቱ የፊደሉ መጠን 1.4 እጥፍ ይሁን።

ደንበኞቻችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያነቡ ከሆነ ሦስቱንም አንድ ምስል ላይ አታጭቁ። በአንድ ቴምፕሌት ሦስት ምስል ሥሩ። በላቲን የሚጻፉት ብዙ ጊዜ ረዝመው ስለሚወጡ ለጽሑፉ የተተወው ቦታ በረጅሙ ይለካ። አጻጻፍንም ወስኑ፦ ሐረር ወይስ ሀረር፣ «450 ብር» ወይስ «ብር 450»። የትኛውም ይሁን፣ አንዱ ብቻ።

ቴምፕሌት

አራት በቂ ናቸው፦ ዕቃ፣ ዋጋ፣ አሠራር፣ ማስታወቂያ። ለኢንስታግራምና ለፌስቡክ 1080 በ1350፣ ለቲክቶክና ለስቶሪ 1080 በ1920። ዙሪያውን 80 ፒክስል ባዶ ተዉ። የኢንስታግራም ፕሮፋይል ከ2025 ጀምሮ ምስሎችን በ3 ለ 4 ስለሚያሳይ 1080 በ1350 የሆነው በየጎኑ 34 ፒክስል ያህል ይቆረጣል፤ ጽሑፋችሁ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ አብሮ ይሄዳል። በረጅሙ ምስል (1080 በ1920) ላይ ከላይ 250፣ ከታች 350 ፒክስል ጽሑፍ አይግባ፤ የመተግበሪያው ቁልፎች ይሸፍኑታል።

ቴሌግራም ላይ በአልበም ስትልኩ ሁሉም ፎቶ አንድ ቅርጽ ይኑረው፤ አለዚያ አንዱ ትልቅ ሌላው ብጣሽ ሆኖ ይደረደራል። ዋጋና ስልክ በምስሉ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይቀመጥ፤ ሰው የሚፈልገው በጽሑፍ ነው። የፕሮፋይል ምስሉ ክብ ስለሆነ ሙሉ የድርጅት ስም አይገባም፤ አንድ ወይም ሁለት ፊደል አድርጉት።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉና ከሦስት ትክክለኛና ከሦስት የተበላሹ ፎቶዎች ጋር ገጹን ለሚያግዛችሁ ሰው ስጡ። የተበላሹት ይበልጥ ያስተምራሉ። በየ9 ልጥፉ የገጹን ስክሪንሾት አንሱ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት፤ ተነጥሎ የሚጮኸውን ፎቶ በአዲስ ተኩ። የድሮዎቹን አትሰርዙ። ኢንስታግራም ላይ ወደ አርካይቭ አስገቧቸው፤ አስተያየቶቹም መውደዶቹም ሳይጠፉ ከገጹ ይነሳሉ፣ ስትፈልጉም መመለስ ይቻላል።