ከደብረ ማርቆስ ናይሮቢ በገዛ መኪና፦ ካርታ ማግኘትና ለጉዞው መሰናዳት

ደጀንና ጎሐ ጽዮን ካርታ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላሉ። በመኪና ሲሄዱት ግን መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ መልሶ የሚወጣ። የጎጃም ሰው ካርታ ላይ ቅርብ የሆነ ሁሉ ቅርብ እንዳልሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ለዘመድ ሠርግ ከደብረ ማርቆስ ናይሮቢ ድረስ ስነዳ ከሁሉ የጠቀመኝ ይኸው ነበር፦ ኪሎ ሜትሩን ትቶ ሰዓቱን መቁጠር።

ካርታውን ከየት ታገኛላችሁ?

ሁለት ዓይነት ያዙ፤ የወረቀትና የስልክ። «ስልክ እያለ ወረቀት ለምን?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስልክ በሙቀት ይዘጋል፣ ይወድቃል፣ ባትሪው ያልቃል። ደግሞም በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ መንገዱን በሙሉ በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም።

የአገራችንን የወረቀት ካርታ የሚያዘጋጀው አዲስ አበባ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። የድሮ ሰዎች አሁንም «ካርታ ሥራ» ይሉታል። ስትሄዱ መስፈርቱን ለይታችሁ ጠይቁ። 1፡50,000 የሚባለው በጣም ዝርዝር ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለእግረኛና ለመሐንዲስ እንጂ ለሾፌር አይሆንም። ሞያሌ ሳትደርሱ መኪናው በወረቀት ይሞላል። ለእናንተ የሚበጀው 1፡2,000,000 የሆነው ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ድንበር ማዶውን ጨምሮ የሚያሳይ ከፈለጋችሁ፣ ሚሼሊን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ የአፍሪካ የመንገድ ካርታዎችን በ1፡4,000,000 ያሳትማል። ጎማ ሻጭ ካርታ ቢያትም አይገርምም፤ ብዙ በነዳችሁ ቁጥር እሱ ነው የሚጠቀመው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካላችሁ ሲመጣ ይዞላችሁ ይምጣ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ሲጠፋ ጂፒኤስም አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በቀጥታ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነው። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ቀድማችሁ አውርዱት። ጎግል ማፕስ ላይ የራሳችሁን ፎቶ ስትነኩ ከመስመር ውጭ ካርታ የሚል ክፍል ታገኛላችሁ፤ መንገዱን ቆራርጣችሁ በየክፍሉ አውርዱ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ደግሞ ካርታን በአገር ወይም በክልል ከፋፍለው ያወርዳሉ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩም ታስበው የተሠሩ ናቸው። እኔ ሁለቱን ዓይነት ጭኜ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ፈትኑት። ዳታችሁን አጥፉና እስከ ደጀን ደርሳችሁ ተመለሱ። ከመራችሁ ጥሩ። ካልመራችሁ ቤታችሁ ሳላችሁ ማወቃችሁ ይሻላል።

የስም ነገር ግን ያደናግራል። የድሮው ወረቀት ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ፣ ሐገረ ማርያም ይላል። ስልኩ ደግሞ ቢሾፍቱ፣ ባቱ፣ ቡሌ ሆራ። ያው ከተሞች ናቸው። በዚያ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዱ ከተማ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ስም ከመፈለግ ነዳጅ የምትቀዱበትንና የምታድሩበትን ቦታ ራሳችሁ ካርታው ላይ በጣት ተጭናችሁ ምልክት አስቀምጡ፤ ስሙንም በአማርኛ ጻፉበት።

መንገዱን በሰዓት ክፈሉት

ደብተር አውጡ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ770 ትንሽ ይበልጣል፤ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። ደምሩትና ከ1,800 ያልፋል። ስልኩ የሚነግራችሁን ሰዓት አትመኑ። እሱ በሬ አይቆምበትም፣ ኬላ አይፈተሽም፣ ምሳ አይበላም። እኔ ስልኩ በሚለው ላይ ሲሶውን እጨምርበታለሁ። አምስት ቀን ያዙለት፤ ማታ አትንዱ።

ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ከተማ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ድሮ በጭነት መኪና ሾፌሮች ዘንድ ስሙ የከፋ ነበር። አሁን አስፋልት ነው። ማርሳቢት መሐሉ ላይ ስለሆነች ለማደሪያ ትመቻለች። ከዚያ በፊት ያለው ሜዳ ግን ደረቅና ገላጣ ነው፤ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ እግራችሁን ነዳጁ ላይ ያስረሳችኋል። ግመል መሐል መንገድ ላይ የምታገኙትም ያኔ ነው።

ካርታ የማይነግራችሁ ደግሞ አለ፦ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ? በእኛ አካባቢ በእነዚህ ዓመታት ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ከመነሳቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ የዓባይ መንገድ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ለዛሬው ሰላም ነው ልጄ። የነገውን ነገ ጠይቀኝ» አሉኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ይዤ በነጋታው ደወልኩ። እናንተም በየማደሪያችሁ እንዲሁ አድርጉ።

ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ አይረሱም። ሊብሬው በስማችሁ ካልሆነ በውልና ማስረጃ የጸደቀ ውክልና ያስፈልጋችኋል። መኪናውን ለጊዜው ከአገር ለማውጣትና ኬንያ ለማስገባት የሚጠየቀውን ከጉምሩክ፣ የመግቢያውንና የመንጃ ፈቃዱን ነገር ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የኬንያ ኤምባሲ ከወር በፊት ጠይቁ። ደንቡ ይለዋወጣል፤ አምና የሄደ ሰው የነገራችሁን አትያዙ።

ቢጫ ካርድ የሚባለው ግን ሁለት ነው። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መከተብ አለባችሁ፤ አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሁለተኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፤ የመኪና ኢንሹራንስ ነው። እዚሁ አገር ከኢንሹራንስ ትገዙታላችሁ፤ ኬንያን ጨምሮ በአባል አገሮች ይሠራል። የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የምታደርሱትን ጉዳት ነው፤ የራሳችሁን መኪና አይደለም። እኔ ድንበር ላይ «የሎ ካርድ» ስባል የክትባቱን አወጣሁ። ሰውየው ሳቀ። ለካ የፈለገው ኢንሹራንሱን ነው።

ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የጋራ የድንበር ኬላ አለ። የመውጫውም የመግቢያውም ጣጣ እዚያው አንድ ቦታ ያልቃል። ቢሆንም በጠዋት ድረሱ።

መኪናው

መኪናችሁ ዓባይን ወርዶ ከወጣ ፈተናውን አልፏል ማለት ይቻላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከመጣ ሳትቀጥሉ አዲስ አበባ አሳዩት። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ቺንጋና ውኃ ያዙ። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን ሁለት ያዙ፤ ኬንያ ትጠይቃለች። ስንቃችሁን ደግሞ በፌስታል እንዳትቋጥሩ! ኬንያ ፌስታልን የከለከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ነው፤ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። ዳቦ ቆሎውንና በሶውን በጨርቅ ከረጢት አድርጉት።

ድንበሩን እንዳለፋችሁ፦ ግራ!

ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ድንበሩ ላይ ሁሉም ሰው ስለሚጠነቀቅ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከረሳችሁት በኋላ ነው። እኔ ማርሳቢት ነዳጅ ቀድቼ ስወጣ እጄ በልማዱ ወደ ቀኝ ያዘ። መንገዱ ባዶ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ባለቤቴ «ግራ! ግራ!» ብላ ጮኸች፤ ቀና ስል አንድ የጭነት መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ፊት ለፊት ይመጣል። ከዚያ በኋላ መሪው ላይ በፕላስተር «ግራ» ብዬ ለጠፍኩ። ጠዋት ከማደሪያ፣ ከነዳጅ ማደያና ከምሳ ቤት ስትወጡ ጮክ ብላችሁ በሉት።

አደባባይ ስትገቡ የምትዞሩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። መሪያችሁ በግራ ስለሆነ ከፊታችሁ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም አሻግራችሁ ማየት አትችሉም። ጋቢና ያለው ሰው ዓይናችሁ ይሁን። እሱ «ሂድ» ካላለ አትቅደሙ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የኬንያ ሰዓት ከእኛ እኩል ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ደግሞ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፦ «ሳ ሞጃ» ማለት የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሯችሁ ግን የፈረንጁን ስለሚሉ ለይታችሁ ጠይቁ።

ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ታቋርጣላችሁ፤ ፎቶ ተነሱ። ናይሮቢ መሸት ሲል አትግቡ፤ የመኪናው ብዛት ጉድ ነው። ቲካ ስትደርሱ ቁሙና ለዘመዳችሁ ደውሉ። መጥቶ ከፊት ይምራችሁ፤ ካርታውን እጠፉት።