ጠመንጃ ሳይበላሽ እንዴት ይወለወላል?

በመተኮስ ብዛት ያለቀ የአደን ጠመንጃ ማግኘት ከባድ ነው። በውልወላ የተበላሸ ግን ሞልቷል። የሚገርመው ደግሞ የሚያበላሹት ግድ የለሾቹ ብቻ አይደሉም። ጠመንጃቸውን የሚወዱት ይብሳሉ። በየጊዜው ያወጡታል፣ የመወልወያ ዘንጉን ባገኙት በኩል ይሰዱበታል፣ ዘይት ያፈሱበታል፣ ደስ ብሏቸው መልሰው ይሰቅሉታል። ውሎ አድሮ ዒላማ መሳት ሲጀምር ጥይቱን ይወቅሳሉ።

እዚህ የማወራው ስለ ማብረቅረቅ አይደለም። በቀላል የእጅ መሣሪያ፣ ጠመንጃውን ሳይጎዱ ስለ መወልወል ነው። ምሳሌ የማደርገው መዝጊያው በእጅ እየተሳበ ጥይት የሚጎርሰውን የተለመደ የአደን ጠመንጃ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ የተያዘ መሆኑን ተስማምተን እንለፍ።

መጀመሪያ ባዶ ይሁን

ይህን የሚዘል ሰው ቀሪውን ባያነብ ይሻላል። ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳቡ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ካዝናው ሳይወጣ መዝጊያውን ስባችሁ ብትመልሱት ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ከዚያ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጉሮሮ በዓይን እዩ፣ በትንሿ ጣትም ዳብሱ። ጥይቶቹን ከምትሠሩበት ክፍል አውጡ። ይህ አደጋን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ዘይትና ማጽጃ ጥይት ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊያከሽፈው ይችላል።

ምን ያስፈልጋል?

አንድ ወጥ የሆነ ዘንግ፣ ለጠመንጃው ልክ የሚሆን የነሐስ ብሩሽ፣ በዘንጉ ጫፍ የሚታሰርና ጨርቁን የሚይዝ ጫፍ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ቀጭን ዘይት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ባትሪ። በቃ። በሚያምር ሳጥን ተደርድረው የሚሸጡት ሙሉ ኪቶች ዓይን ይስባሉ፤ ግማሹ ዕቃ ግን ከሳጥኑ ሳይወጣ ይቀራል። ጨርቁን ካረጀ ካናቴራ ቆርጣችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ካለ ዘንጉ ነው። በየቦታው እየተጠመዘዘ የሚገጣጠም ዘንግ ለመያዝ ይመቻል። መገጣጠሚያው ላይ ግን ጠርዝ አለው፤ ሲጎብጥ ያ ጠርዝ በርሜሉን ይፍቃል። የአሉሚኒየም ሲሆን ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ አሸዋና ቆሻሻ ይሰካበታል። በፕላስቲክ የተለበጠ ወይም የብረት፣ አንድ ወጥ ዘንግ ይሻላል። እጀታው በራሱ የሚሽከረከር መሆኑንም አረጋግጡ። በርሜሉ ውስጥ የተቆፈሩት ቦዮች ጠመዝማዛ ናቸው። ብሩሹ እነሱን ተከትሎ መዞር አለበት። እጀታው ካልዞረ ብሩሹ ቦዮቹን እየዘለለ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከዘንጉ ተፈትቶ ውስጥ ይቀራል።

የብሩሹ ልክም ይታይ። የ7.62 ሚሊ ሜትር ብሩሽ 5.56 ሚሊ ሜትር በርሜል ውስጥ በግድ ከተሰካ መልሶ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ዘንጉ በየት ይግባ?

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረጋ እንበል።

የጠመንጃ ትክክለኛነት በአፈሙዙ የመጨረሻ ጫፍ ላይ በእጅጉ ይመረኮዛል። ጥይቱ ከብረቱ የሚላቀቀው እዚያ ነው። ሲላቀቅ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በዙሪያው እኩል መውጣት አለበት። የአፈሙዙ ከንፈር በአንድ በኩል ከተበላ ወይም ከተጫረ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያፈተልካል፤ የጥይቱን ቂጥ ወደ ጎን ይገፋዋል። ጭረቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ዒላማው ላይ ግን ይታያል።

አሁን ዘንጉን በአፈሙዝ በኩል የሚያስገባ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ዘንጉ በእጅ ግፊት ይጎብጣል። የጎበጠው ዘንግ ከንፈሩ ላይ ተደግፎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል። ቆሻሻ የያዘ ዘንግ ሞረድ ነው። በተደጋጋሚ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን፣ ከንፈሩን ይሞርዳል። ውስጡ ጤነኛ ሆኖ አፈሙዙ ብቻ ሞላላ የሆነ ጠመንጃ አይቻለሁ። ባለቤቱ በንጽሕናው ይኮራበት ነበር።

ስለዚህ መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ዘንጉን በኋላ በኩል አስገቡ። ይህ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። በኋላ በኩልም አንድ ስስ ቦታ አለ፦ ከጉሮሮው ቀጥሎ ቦዮቹ የሚጀምሩበት። ዘንጉ ዘመም ብሎ ከገባ እዚያ ይፋቃል። መድኃኒቱ መምሪያ ቱቦ ነው። በመዝጊያው ቦታ የሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን ዘንጉን መሃል ለመሃል ይዞ ይመራዋል። የፈሰሰ ማጽጃም ወደ ምላጩ እንዳይወርድ ይከላከላል። ቀላል ዕቃ ይመስላል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውድ ፈሳሽ አስቀድመዋለሁ።

በኋላ በኩል ዘንግ የማያስገቡ ጠመንጃዎችስ? ክላሽንኮቭ አንዱ ነው፤ ለዘንግ ከአፈሙዙ ውጭ መግቢያ የለውም። የሠሩት ሰዎች ግን አስበውበታል። ሰደፉ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሽ የቆርቆሮ የመወልወያ ዕቃ መያዣ ክዳኗ ቀዳዳ አለው። ክዳኗ አፈሙዙ ላይ ይገጠምና ዘንጉ በቀዳዳው ያልፋል፤ ከንፈሩንም አይነካም። መያዣዋ ራሷ ደግሞ የዘንጉ እጀታ ትሆናለች። ብዙ ሰው ክዳኗን እንደ ተራ ክዳን ወዲያ ይጥላታል።

የገመድ መወልወያም አለ። ከኋላ ገብቶ በአፈሙዝ ይሳባል። ለሜዳ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ዘንጉን ይተካል ብዬ ግን አላምንም። አንደኛ፣ ካልታጠበ ያለፈውን ቆሻሻ መልሶ ይጎትታል። ሁለተኛ፣ ያረጀ ገመድ መሃል ላይ ከተበጠሰ ጉድ ነው። ስትስቡም ቀጥ አድርጉ፤ ወደ ጎን ከሳባችሁት ገመዱም ከንፈሩን ይበላል።

ከንፈሩ ደህና መሆኑን ለማወቅ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ወስዳችሁ ዙሪያውን ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉት። ጥጡ የሆነ ቦታ ላይ ከተያዘና ክር ከተወ እዚያ ሻካራ ነገር አለ ማለት ነው። በሞረድ አትነካኩት። የጠመንጃ ሠሪ ሥራ ነው።

ውልወላው ራሱ

ጠመንጃውን በጨርቅ በተሸፈነ ሞርሳ ለዘብ አድርጋችሁ ያዙት። አፈሙዙ በትንሹ ወደ ታች ያዘንብል። እንዲህ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ፊት ይወርዳል እንጂ ወደ ምላጩና ወደ እንጨቱ አይመለስም። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ቆሻሻው ውስጥ እርሳስ ስላለ እየሠሩ መብላትም ሆነ ማጨስ አይሆንም።

ማጽጃ የነካ ጨርቅ በመስደድ ጀምሩ። ደረቁን ጥላሸት መጀመሪያ በብሩሽ መግፋት ትርፉ መፋቅ ነው። ጨርቁ በአፈሙዝ ሲወጣ አንሱት፤ የቆሸሸውን መልሳችሁ አትጎትቱ። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ከዚያ ብሩሹን በማጽጃ አርሱት። ጠርሙሱ ውስጥ ግን አትንከሩት፤ ፈሳሹን በሙሉ ታቆሽሹታላችሁ። ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስደዱት። መሃል ላይ ቆሞ አይመለስም፤ ከቆመ ፀጉሩ ታጥፎ ይጣበቃል። ጥቂት ምልልስ ይበቃል። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ፣ ደግሞ እርጥብ፣ ደግሞ ደረቅ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ የሚሉ አሉ። እኔ በግራጫው አቆማለሁ።

ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳብ ነው። አብዛኛው የጠመንጃ ጥይት ልባሱ መዳብ ስለሆነ በርሜሉ ላይ ይቀባል። ለእሱ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አለ። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ አድሮማ አይታሰብ፣ ብረቱን ሊጎዳ ይችላል። ከበረኪና ጋርም በፍጹም አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አንድ ወጥመድም አለ፦ ጨርቁን የያዘው ጫፍ ናስ ከሆነ ማጽጃው እሱኑ ይበላና ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ናስ ውስጥ መዳብ አለ። የሌለ ቆሻሻ ስታሳድዱ ትውላላችሁ። የነሐስ ብሩሹም እንዲሁ ስለሚበላ ከሥራ በኋላ እጠቡት።

የጨው ነገር

የድሮ የወታደር ጥይት የምትተኩሱ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ፕራይመር በፖታሲየም ክሎሬት የተሠራች ከሆነች ስትቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ትተዋለች። ይህ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው ነው። ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ዝገቱ በማግስቱ ብቅ ይላል።

ብዙዎች ዘይት ይቀቡታል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨው የሚያሟሟው ውሃ ነው። ጠመንጃ ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚያስደነግጠው ሰው አለ። ግን ትክክለኛው እሱ ነው፦ ሙቅ ውሃ በበርሜሉ አሳልፉ፣ ወዲያው አድርቁ፣ ከዚያ በተለመደው መንገድ ወልውላችሁ ዘይት ቀቡ። የመዝጊያውን ፊትም አትርሱ። እንደ ክላሽንኮቭ በተኩሱ ጋዝ ግፊት ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ከሆነ በርሜሉ በክሮም ቢለበጥ እንኳ የጋዝ ቱቦውና ፒስተኑ ላይለበጡ ስለሚችሉ እነሱም ይታጠቡ።

መዝጊያና ዘይት

መዝጊያውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ጉሮሮውንም እንዲሁ። በዚህ ክፍል የሚሳሳት ሰው የሚሳሳተው በዘይት ብዛት ነው። የሚፋተጉት ቦታዎች ላይ ጠብታ፣ ቀሪው ብረት ላይ በዘይት የወዛ ጨርቅ። ከዚያ በላይ ያለው ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ በብርድ ሲወፍር መዝጊያውን ያዘገየዋል፤ ወደ ሰደፉ ወርዶም እንጨቱን ያለሰልሳል። ደብሊውዲ-40 የሚባለውን የቆርቆሮ ርጭት የሚነፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ውሃ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል የተቀመመ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም የአትላስ ሚሳኤልን ልባስ መጠበቅ ነበር። ዝናብ የመታውን ጠመንጃ ለማድረቅ ይጠቅማል። ለቅባትነትና ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ግን የጠመንጃ ዘይት ይሻላል።

ቪቴዎቹን ያለ ምክንያት አትፍቱ። ግድ ከሆነ ካቻቢቴው ስንጥቁን ሞልቶ የሚገባ ይሁን። የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ከስንጥቁ እየሾለከ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ለጠመንጃ የሚሆነው ጫፉ ጎንና ጎኑ ትይዩ የሆነው ነው።

ጠመንጃውን ወደ ቦታው ከመመለሳችሁ በፊት፣ መዝጊያውን ሳትገጥሙ በባትሪ በርሜሉን ተመልከቱ። ጨርቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በርሜሉ ተዘግቶ መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። የተረፈ ዘይት ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ አንድ ሌሊት አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ ብታቆሙት ጥሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የቆዳ ወይም የስፖንጅ ማኅደር ውስጥ አትተዉት፤ እርጥበት ይይዛል።

ለመተኮስ ስታወጡት በርሜሉ ውስጥ የቀባችሁትን ዘይት በደረቅ ጨርቅ አውጡ። ዘይት ያለበት በርሜል ግፊት ይጨምራል፣ ጥይቱ የሚያርፍበትንም ቦታ ይለውጣል። ደርቆም ቢሆን፣ ከንጹህ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያ ጥይት ከተከታዮቹ ለየት ብሎ ሊያርፍ ይችላል። እሱን ዒላማ ላይ ተኩሱት እንጂ ለአደኑ አታቆዩት።